ረጃጅም የደች ቃላትን የት ላይ ነው የምንከፍላቸው?

አዲስ_ገቢ_ዝዎለ

ሰላም ለሁላችሁ። ሆላንድ ውስጥ ዝዎለ ከተማ ነው የምኖረው። ቢ1 ለሚባለው የደች ደረጃ የንግግር ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። የአዲስ ገቢዎች ሕግ ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ጠብቋል፣ አብዛኞቻችን እንደ ድሮው በዝቅተኛው ደረጃ በኤ2 አንገላገልም። ሰዋስው ያን ያህል አላስቸገረኝም። የቸገረኝ ተያይዘው የሚጻፉት ረጃጅም ቃላት ናቸው። ከማዘጋጃ ቤት ወይም ከጤና ኢንሹራንስ ደብዳቤ ሲመጣ ሐሳቡ ይገባኛል፤ ድምፄን አውጥቼ ላንብበው ስል ግን ቃሉ መሃል ላይ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ሰሞኑን ስለ ዞርኽቱስላኽ፣ ለጤና ኢንሹራንስ ስለሚሰጠው ድጎማ ማለቴ ነው፣ ስልክ ደውዬ ስጠይቅ ያነሳችው ሴት ደጋግማ «ዋት ዜኽት ዩ?» (ምን አሉ?) አለችኝ። ቃሉን በፊደል ስቆጥርላት ነው የገባት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የተማርነው ደንብ «በሁለት አናባቢ መካከል አንድ ተነባቢ ካለ፣ ተነባቢው ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል» ይላል። ዳኽ ማለት ቀን ነው፣ ሲበዛ ዳ-ኸን ይሆናል። እሺ። ታዲያ የቀን ፕሮግራም የሚባለው ዳኽኢንዴሊንግ ለምን ዳ-ኺን-ዴሊንግ ተብሎ አይነበብም? እዚያም እኮ አንድ ተነባቢ ብቻ ነው ያለው። ደንብ ካለው ንገሩኝ፣ ከሌለውም በቃል እንድይዘው ንገሩኝ።


ጡረተኛ_መምህር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፈ ነው። ብዙ ሰው ዓመታት ኖሮ ይህን አይጠይቅም። ለአዲስ ገቢዎች ደች ሳስተምር ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

አስቀድሜ ስለ አጻጻፌ። ኽ የምለው ጉሮሮን ፈትጎ የሚወጣውን ድምፅ ነው፣ ደቾች በጂ ወይም በሲኤች የሚጽፉትን። ኦይ ብዬ የምጽፈው ደግሞ ሆይስ፣ ማለትም ቤት፣ ውስጥ ያለውን ነው። ለእሱ ፊደል የለንም፤ ከንፈርህን ለኦ አሹለህ ኤይ ለማለት ሞክር። ቀለም ስል ደግሞ ግጥም ስንመትር የምንቆጥረውን ነው።

ደንብህ ልክ ነው። ግን የሚሠራው በአንድ ቃል ውስጥ ብቻ ነው። ጥምር ቃል ሲመጣ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ትፈልጋለህ፣ እዚያ ላይ ትቆርጣለህ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው እንደቆመ ቃል ታነበዋለህ። ዳኽ አንድ ቃል ነው፣ ኢንዴሊንግ ሌላ ቃል ነው። የዳኽ የመጨረሻ ፊደል ጎረቤቷ አናባቢ ስለሆነ ብቻ ቤቷን ለቃ አትሄድም። ዳኽ ውስጥ ያለው አ አጭር ነው፤ ዳ-ኺን ካልክ ግን አ ይረዝማል፣ ሰሚውም ቀን የሚለውን ቃል አያገኘውም። ስልክ ላይ የሚደርስብን ይሄ ነው።

አሁን አንድ ነገር ቀርበህ እይ። አቮንት ማለት ምሽት ነው። መጨረሻው በዲ ይጻፋል፣ በት ይነበባል፤ ደች በቃል መጨረሻ ላይ ዲን እንደ ት፣ ቢን እንደ ፕ ነው የሚያነበው። ሲበዛ አቮንደን ይሆናል፤ ዲዋ ወደ ቀጣዩ ቀለም ተሻገረችና ድ ሆነች። እራት ደግሞ አቮንት ላይ ኤተን (መብላት) ጨምረህ የምታገኘው ነው። ዲዋ አሁንም ከአናባቢ በፊት ናት። እንደ አቮንደን ድ መሆን አልነበረባትም? አይደለም፣ አቮንት-ኤተን ነው የሚባለው፣ በት። ቃሉ እዚያ ጋ አልቋል፣ ከኋላው ምን እንደሚመጣ አያየውም። የኤይንድሆቨንን ከተማም እንዲሁ ኤይንት-ሆቨን በለው። ኤይን-ድሆቨን የሚል ደች የለም።

መገጣጠሚያውን እንዴት ላግኝ ካልክ፣ ከቀኝ ጀምር። የመጨረሻው ቁራጭ ነው የነገሩን ምንነት የሚነግርህ። ዚከንሆይስ ሆይስ ነው፣ የበሽተኞች ቤት፣ ሆስፒታል። መስተአምሩም (ከስም ፊት የሚገባው ደ ወይም ሄት) ከመጨረሻው ቁራጭ ነው የሚመጣው፤ ሄት ሆይስ ስለሚባል ሄት ዚከንሆይስ ይባላል። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ምግብ ቤት ስንልም ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ነው። እኛ ለያይተን እንጽፋለን፣ እነሱ ያያይዙታል።

ከተጠራጠርክ ዎርደንሌይስት የሚባለውን የታልኡኒ (የደች ቋንቋ ኅብረት) ድረ ገጽ ክፈት። ኦፊሴላዊው የቃላት ዝርዝር ነው፣ በነጻ ነው፣ እያንዳንዱ ቃል በቀለም ተከፍሎ ተቀምጧል።


የሮተርዳሟ

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም መክፈል ብቻውን በቂ አይደለም። ጫን ተብሎ የሚነበበው የትኛው ቁራጭ እንደሆነ ካላወቅን ሁሉንም ልክ ብለንም አንሰማም። አማርኛ ሁሉንም ቀለም ተቀራራቢ ክብደት ሰጥቶ ነው የሚሄደው፤ እኛም ደችን እንደዚያው ደልደል አድርገን እናነባለን። ደች ጆሮ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ጫን ያለችውን ቀለም ነው። እሷን ካጣ ቀሪውን አይከታተልም።

በጥምር ስም አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ቁራጭ ነው ጫን የሚባለው። ዞርኽ ላይ ጫን፣ ቱስላኽ ለቀቅ። ሬይ ላይ ጫን፣ በዌይስ ለቀቅ፤ መንጃ ፈቃድ። ሆይስ ላይ ጫን፣ አርትስ ለቀቅ፤ የቤተሰብ ሐኪም። ስልኩን ከማንሳትህ በፊት ያቺን የመጀመሪያ ቁራጭ ብቻ ጠንከር አድርገህ ተለማመዳት፣ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ከዚህ የሚወጡ አሉ፣ እነሱን በቃል መያዝ ነው። ስታትሆይስ (የከተማው ማዘጋጃ ቤት) ሆይስ ላይ ነው ጫኑ። በርኸሜስተር (ከንቲባ) ሜስ ላይ። ኒውያር (አዲስ ዓመት) ያር ላይ። የምኖርበት ሮተርዳምም ዳም ላይ ነው፣ አምስተርዳምም እንደዚያው።

ፈተና ላይ ደግሞ ይቺን ተጠንቀቅ። ፎርኮመን የሚባል ግስ አለ፣ አጻጻፉ አንድ ነው። ፎር ላይ ጫን ካልክ «መከሰት»፣ ኮ ላይ ጫን ካልክ «መከላከል» ነው። ግሱም በዚያው ይለያያል፤ ፎር ላይ ጫን የሚባለው ይለያይና ክዋም ፎር ይሆናል፣ ሌላው ተያይዞ ፎርክዋም ይባላል። በሽታ ተከሰተ ለማለት ፈልገህ ተከላከሉት ብትል ሌላ ወሬ ነው የሚሆነው።


አውቶቡስ_ዴንሃኽ

የቦታ ስም ላይ ልምጣ፣ ቀኑን ሙሉ ስጠራው ነው የምውለው። ኤርፖርቱን ብዙ ሐበሻ ሺፖል ወይ ስኪፎል ይለዋል። ፒ እና ኤች አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ በእንግሊዝኛ ልማድ ፍ ያደርገዋል። መገጣጠሚያው ግን በሁለቱ መካከል ነው፤ ስኺፕ-ሆል፣ ጫኑም ሆል ላይ። ፒዋ የፊተኛው ናት፣ ኤችዋ የኋለኛው።

ሆፍድዶርፕ የሚባለው ከተማ ሁለት ዲ ይጻፋል፣ አንዱ የሆፍት (ራስ፣ ዋና) ነው፣ አንዱ የዶርፕ (መንደር) ነው። ሲነገር ግን አንድ ድ ብቻ ነው የሚሰማህ። ስኼቨኒንገን ደግሞ ስ እና ኽ ተለያይተው መሰማት አለባቸው። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመንን ከሆላንዳዊ የሚለዩት በዚህ ስም ነበር እየተባለ እስካሁን ይወራል፣ ጀርመን ሽ ስለሚለው። እኛ ጉሮሯችን አይቸገርም፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጡት።


ጆሮ_ይቅደም

ይቅርታ፣ ሁላችሁንም አከብራለሁ፣ ግን በዚህ መቁረጥ አልስማማም። እየቆራረጣችሁ ስትለማመዱ ማሽን ነው የምትመስሉት። ደቾች ራሳቸው እንደዚያ አይናገሩም። ዛክዱክ፣ መሐረብ፣ እስቲ አንዱን ደች በፍጥነት አስብሉት። ዛግዱክ ነው የሚለው፣ በግ። ፉትባል የሚለውም የለም፣ ፉድባል ነው። ፖስትዜኸል (ቴምብር) ደግሞ ፖሴኸል ይሆናል፣ ትዋም ጠፋች ዝዋም ስ ሆነች። ኦንበኬንት (የማይታወቅ) ኦምበኬንት ነው የሚሰማው። እኛስ አንበሳ ብለን ጽፈን አምበሳ እንል የለ?

ስለዚህ ምክሬ፦ ወረቀቱን ተዉት። ሬዲዮ ክፈቱ፣ የሰማችሁትን ድገሙ። ልጆቻችን እንደዚያ ነው የቻሉት፣ ማንም መገጣጠሚያ አላሳያቸውም።


ጡረተኛ_መምህር

ጆሮ ይቅደም፣ ያመጣሃቸው ምሳሌዎች በሙሉ ትክክል ናቸው። መስማት ይቅደም ማለትህንም አልቃወምም። ግን ተመልከት፣ ያ ሁሉ ለውጥ የሚደርሰው መገጣጠሚያው ላይ ነው። ዛክ እና ዱክ የት እንደሚገናኙ የማያውቅ ሰው ክ ለምን ግ እንደሆነች አይገባውም፤ አንዱን ቃል ይደግምልሃል፣ ቀጣዩን አዲስ ቃል ሲያገኝ ግን መልሶ ይቆማል። ከልጆች ጋር ራሳችንን አናወዳድር። እነሱ ቃሉን ሰምተው ነው በኋላ ያነበቡት። እኛ አብዛኛውን ቃል መጀመሪያ የምናገኘው ደብዳቤ ላይ ነው።

ለውጡም ሥርዓት አለው፣ ሁለት መስመር ነው። ሁለተኛው ቁራጭ በብ ወይም በድ ሲጀምር ፊቱ ያለውን ድምፅ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ክ ግ ይሆናል፣ ት ድ ይሆናል፣ ፕ ብ ይሆናል፣ ስ ዝ ይሆናል። ስትሮፕዳስ (ክራቫት) ስትሮብዳስ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ኦፕቤለን (ስልክ መደወል) ኦብቤለን። ሁለተኛው ቁራጭ በቭ፣ በዝ ወይም ጂ በሚጻፈው ኽ ሲጀምር ግን ተሸናፊው እሱ ነው። ስቶፍዞይኸር (የአቧራ መጥረጊያ ማሽን) ስቶፍሶይኸር ይሆናል፣ ኦፕቫለን (ጎልቶ መታየት) ኦፕፋለን ይሆናል። ሌላ የለም፣ ይሄን ከያዝክ አዲስ ቃል ስታገኝ ራስህ ታወጣዋለህ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር፦ ደች በገዛ ቃላቱ ውስጥ ንጹሕ ግ የለውም፣ ከውጭ በመጡት እንደ ጎል ባሉት ካልሆነ በቀር። ዛግዱክ ላይ ግን መገጣጠሚያው ፈጠረለት። ብዙ ደቾች ግ እያሉ መሆናቸውን ራሳቸው ልብ አይሉትም።


ነርስ_ኡትሬኽት

እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ለእኔ የፈተና ብቻ አይደለም። በሽተኛ ፊት ቆሜ ቃሉን ሳልደነቃቀፍ ማለት አለብኝ። ሃርትአንቫል ስትሉ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ማለት ነው፣ ሃርት-አን-ቫል ነው እንጂ ሃር-ታን-ቫል አይደለም። ብሉድኦንደርዙክ (የደም ምርመራ) ብሉት-ኦንደርዙክ ነው፣ መምህር እንዳሉት በት። ብሉድድሩክ (የደም ግፊት) ላይ ሁለት ዲ ተጽፏል፣ አንድ ድ ብቻ በሉ። ቶይስዞርኽ (የቤት ለቤት እንክብካቤ) ቶይሶርኽ ይሆናል፣ ዝዋ ስ ሆነችና ከፊተኛዋ ስ ጋር አንድ ሆኑ። ሆይስአርትሰንፖስት (የማታ ድንገተኛ ሐኪም) ላይ ሦስት ቁራጭ አለ፤ ሆይስ፣ አርትሰን፣ ፖስት።

የማገናኛ ፊደሎቹን ማንም አላነሳም። በሁለት ቁራጭ መካከል አንዳንዴ ኤስ፣ አንዳንዴ ኢኤን ይገባል። ኤስዋ ሁልጊዜ የፊተኛው ቁራጭ ናት። የመኖሪያ ፈቃዳችን ፈርብሌይፍስ-ፈርኸኒንግ ነው፤ ስዋን ከብሌይፍ ጋር አብራችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ፈርን ጀምሩ። ስፈርኸኒንግ የሚባል ነገር የለም።

ኢኤን ሲሆን ደግሞ ኤንዋ በአብዛኛው የሆላንድ ክፍል አትነበብም። ዚከንሆይስ ተብሎ ይጻፋል፣ ዚከ-ሆይስ ይባላል። ፓነኩክ እንኳ ድሮ ያለ ኤን ነበር የሚጻፈው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የአጻጻፍ ሕጉ ሲሻሻል ነው ኤን የተጨመረባት፣ አነባበቡ ግን ምንም አልተለወጠም። ወደ ኽሮኒንገን እና ትዌንተ ስትሄዱ ተቃራኒውን ትሰማላችሁ፤ ኤንዋን ይይዙና አናባቢዋን ይውጧታል። እዚያ ያደጉ በሽተኞች አሉኝ፣ ሎፐን (መሄድ) ሎፕም ይሉታል። ግራ አይግባችሁ፣ ሁለቱም ደች ነው።

ይሄ ማገናኛ እኮ እኛም አለን። ቤት እና መንግሥት ሲገናኙ ቤተ መንግሥት የምንለው፣ ሆድ እና ሰፊ ሆደ ሰፊ የሚሆኑት በምንድን ነው? በዚያችው በኧ ድምፅ። የዚከሆይስ ከ ላይ ያለችውም እሷው ናት፣ ለአፋችን ከባድ አይደለችም።


አዲስ_ገቢ_ዝዎለ

እህቴ፣ የኤስዋ ነገር ብቻ ግማሹን ችግሬን ፈታልኝ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ሁለት ተመሳሳይ ፊደል ሳይ አጥብቄ ነው የማነበው፣ ቦመን (ቦምቦች) ላይ ሁለት ኤም አለ፣ አጠብቃታለሁ። ትክክል ነኝ?


የአልሜረ_እናት

እኔ ልመልስ፣ ልጄ ትምህርት ቤት የምትማረውን እያየሁ ነው የተረዳሁት። አይጠብቅም። እኛ ገና አልመጣም ስንል እናላላለን፣ የገና በዓል ስንል እናጠብቃለን፣ ትርጉሙም በዚያ ይለያያል። ደች ውስጥ ተነባቢን ማጥበቅ ትርጉም አይለውጥም። ሁለቱ ኤም የተጻፉት ፊታቸው ያለው ኦ አጭር መሆኑን ለማሳየት ነው። አንድ ኤም ብቻ ቢሆን ቦ ይረዝምና ዛፎች ማለት ይሆናል፣ ቦ-መን። ልዩነቱ ያለው አናባቢው ላይ ነው።

ትምህርት ቤት ልጆቹን በሁለት ዓይነት ያስከፍሏቸዋል። ለመጻፍ ሲሆን በመስመር መጨረሻ ላይ ቦም-መን ብለው ይቆርጡታል። ለመስማት ሲሆን ክላንክኽሩፕ ይሉታል፣ የድምፅ ክፍል፣ እዚያ ቦ-መን ብለው ያጨበጭባሉ። ከዚያ መምህሯ «መጨረሻ ላይ የሰማችሁት አጭር ነው ረጅም?» ትላለች። አጭር ካሉ ኤምዋን ደግመው ይጽፋሉ። አብራችኋቸው ብታጨበጭቡ እናንተም ትማሩበታላችሁ፣ እኔ ከልጄ ጋር ማታ ማታ አደርገዋለሁ።


ጌንት_ተማሪ

ከቤልጂየም ነኝ። እዚህም የአጻጻፍ ሕጉ ያው ነው፣ ታልኡኒ የሁለቱም አገር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ። ስለ መስመር መጨረሻ ከተነሳ፣ መገጣጠሚያ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ደቾች ራሳቸው የሚጫወቱባቸው ቃላት አሉ፤ አስተማሪያችን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሰጥቶበታል።

ቦምሜልዲንግ የቦምብ ጥቆማ ነው፣ ቦም እና ሜልዲንግ። በፍጥነት ያየው ሰው ቦመል-ዲንግ ብሎ ያነበዋል፣ ቦመል የሚባል ሰው ዕቃ የሚል ይመስላል። በላቲን ፊደል ልዩነቱ አይታይም፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚጻፉት። በእኛ ፊደል ስጽፈው ግን ወዲያው ታየኝ፤ አንዱ ሜ ነው፣ አንዱ መ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ቃል ሳገኝ ደብተሬ ላይ በፊደላችን መጻፍ ጀመርኩ። የላቲኑ ኢ አንዴ ኤ፣ አንዴ ኧ፣ ሲረዝም ደግሞ ሌላ ነው፤ ፊደላችን ይለይልኛል።

ማሳዠቤት የማሳጅ አልጋ ነው። መገጣጠሚያውን በላቲኑ ሁለት ፊደል ወደ ኋላ ከጎተትከው ማሳ-ኸቤት ይሆናል፣ የጅምላ ጸሎት። ጂዋ ራሷ ድምፅ ቀየረች። ክዋርትስላኸን ደግሞ ክዋርት-ስላኸን ካልከው የሩብ ዙር መዞሪያዎች፣ ክዋርትስ-ላኸን ካልከው የኳርትዝ ድንጋይ ንጣፎች ነው።

አናባቢ ከአናባቢ ሲጋጭ ራሱ ጽሑፉ ይረዳሃል። ዜ-ኤንት (የባሕር ዳክዬ) በሰረዝ ነው የሚጻፈው፣ ኦውቶ-ኦንኸለክ (የመኪና አደጋ) እንዲሁ። ሰረዝ ካየህ ጥምር ቃል ነው። በአናባቢ ላይ ሁለት ነጥብ ካየህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥምር ሳይሆን እርባታ ነው፣ ለምሳሌ ዜኤን፣ ባሕሮች። ሰረዝም ነጥብም የሌለበት ግን አለ፤ የመደበኛ ደብዳቤ መክፈቻ ኸ-አኽተ (የተከበሩ) ነው፣ ኢ እና ኤ ተጎራብተዋል ግን ኸ ቅጥያ ናት። ለብቻዋ አንብባት።


ጆሮ_ይቅደም

እሺ፣ በፊደላችን መጻፉ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ሳድሳችን ያታልላል። ስትራት (መንገድ) ብለህ ስትጽፍ እኛ በልማድ በስ እና በት መካከል ትንሽ እ እናስገባለን፣ ቃሉ አንድ ቀለም መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሦስት ይሆናል። ሄርፍስት (መኸር) አንድ ቀለም ነው፣ አንድ ብቻ። አንግስትስኽሬው (የፍርሃት ጩኸት) ስምንት ተነባቢ ተደርድሮበት ሁለት ቀለም ነው፣ አንግስት እና ስኽሬው። መሃሉ ላይ አናባቢ ካስገባህ የሚሰማህ ሰው ቀለም ሲቆጥር ይጠፋበታል።

እነሱም ያስገባሉ፣ ግን ቦታው የታወቀ ነው። ሜልክ (ወተት) ሜለክ፣ ፊልም ፊለም፣ ኬርክ (ቤተ ክርስቲያን) ኬረክ ሲሉ ትሰማለህ። ከል ወይም ከር በኋላ እንደ ክ፣ ም፣ ፕ፣ ፍ ያለ ድምፅ ሲመጣ ነው። ኼልት (ገንዘብ) ላይ ወይም ሃርት ላይ ግን በፍጹም አያስገቡም። ይሄን ደግሞ ከወረቀት አታገኘውም፣ በጆሮ ነው።


የሮተርዳሟ

እዚህ ላይ ልክ ነህ። እኔ ለእህቴ የምነግራት ስትራት ስትል ስ ላይ አትቁሚ፣ ስዋን እየነፋሽ ወደ ት ግቢ ነው። አየሩ ካልተቋረጠ አናባቢ አይገባም።


አዲስ_ገቢ_ዝዎለ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከባዱን ልሞክረው። የግል ሥራ ያለው ጎረቤቴ የሚከፍለው ኢንሹራንስ አለ፣ ታሞ መሥራት ቢያቅተው ገንዘብ የሚሰጠው። ከቀኝ ስጀምር መጀመሪያ ፈርዜከሪንግ አገኘሁ፣ ኢንሹራንስ። ከእሱ በፊት ኤስ አለች፣ የፊተኛው ናት። ስለዚህ ኦንኸስኺክትሄይትስ። ከዚያ በፊት ሌላ ኤስ፣ አርቤይትስ። አርቤይትስ-ኦንኸስኺክትሄይትስ-ፈርዜከሪንግ። ጫኑ አር ላይ። ጋሼ፣ እንዴት ነው?


ጡረተኛ_መምህር

አሥሩንም ቀለም በቦታው አስቀምጠኸዋል። አር፣ ቤይትስ፣ ኦን፣ ኸ፣ ስኺክት፣ ሄይትስ፣ ፈር፣ ዜ፣ ከ፣ ሪንግ። ስኺክት-ሄይትስ ላይ ቲ እና ኤች ተጎራብተዋል፣ እንደ ስኺፕሆል መሃላቸው መገጣጠሚያ ስላለ የእንግሊዝኛው ቲኤች እንዳይመጣብህ። ኸዞንትሄይት (ጤና) ላይም ዲ እና ኤች እንዲሁ ናቸው።

አሁን ሌላ ወጥመድ ላሳይህ፣ ኤን እና ጂ ሲጎራበቱ። ዚንገን (መዝፈን) ላይ ሁለቱ ፊደል አንድ ድምፅ ናቸው፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ግ ፈጽሞ አይሰማም፤ በፊደላችን ንግ ብዬ የምጽፈው ሌላ ምልክት ስለሌለኝ ነው። ኢንኻንግ (መግቢያ በር) ላይ ግን መጀመሪያ ያሉት ኤን እና ጂ የሁለት ቁራጭ ናቸው፣ ኢን-ኻንግ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ደግሞ እንደገና አንድ ድምፅ ናቸው። በአንድ አጭር ቃል ሁለቱም አለ።

እና ይሄን ሞክር፣ በየዓመቱ ስለምትሞላው ይጠቅምሃል። የግብር ማስታወቂያ ቅጹ፣ በላስቲንግ እና አንኺፍተ ተያይዘው ሲጻፉ። ከፍለህ አምጣው።


አዲስ_ገቢ_ዝዎለ

በ-ላስ-ቲንግ፣ አን-ኺፍ-ተ። የመጀመሪያው ኤን እና ጂ አንድ ድምፅ ነው፣ ቃሉ እዚያ ያልቃል። ሁለተኛው ኤን የአን ነው፣ ጂዋ የኺፍተ። ጫኑ ላስ ላይ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቁራጭ ራሱ ላስ ላይ ነው የሚጫነው፣ በ ቅጥያ ናት። ቲንግ ላይ ጨርሼ ነው አንን የምጀምረው፣ ቲን-ኻን አልልም።


ጡረተኛ_መምህር

ትክክል ነው። አሁን ዞርኽቱስላኽን በዚያው መንገድ በለውና መልሰህ ደውልላቸው።


ነርስ_ኡትሬኽት

ስትደውል የግል መለያ ቁጥርህንም ይጠይቁሃል፣ በርኸርሰርቪስነመር ነው። በርኸር፣ ሰርቪስ፣ ነመር። በር ላይ ጫን።